የሁለት ሰፈር ወታደር

ጥቅምት 9

ለተከበሩ ቀራፂ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን፤ ማለቴ በሕይወት አለን።

መልሱ ስለዘገየ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዘገየው የሐውልት ኮሚቴው ደብዳቤዎን በሁለት ስብሰባ ከፍሎ ስላነበበው ነው፤ በአንዱ የፊቱን ገጽ፣ በሌላው የጀርባውን። እየቀለድኩ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ወታደሩ የማን ወታደር እንደሆነ መጠየቅዎ ግን አዳራሹን አስጨነቀው። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ይወለውል ጀመር። ባለወፍጮው፣ ያ ወፍጮው ውስጥ መጮህ ለምዶ ከተማውን ሁሉ የሚያደነቁረው ሰውዬ፣ ሳል ያዘው። እኔም የምጽፈው ቢጠፋኝ «ጥያቄው ቀርቧል» ብዬ አለፍኩ። አሁን ቤቴ ሆኜ ልመልስልዎት። የኮሚቴው መልስ አይደለም፤ የእኔ ነው።

ከተማችን ሁለት ሰፈር ናት፦ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር፤ መሐል ላይ አደባባይ አለ። ጦርነቱ ሲነሳ ከላይ ሰፈር ልጆች አብዛኞቹ ለመንግሥት ጦር ተመዘገቡ፤ ከታች ሰፈር አብዛኞቹ ጫካ ገቡ። አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው የተማሩ ልጆች ናቸው የተታኮሱት። ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ አልተመለሱም። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ ለሁሉም አንድ ሐውልት ይቁም ተባለ። ለሁለት የሚበቃ መዋጮ ጠፍቶ ነው እንጂ ቢገኝ ሁለት ያቆሙ ነበር። ስለዚህ ወታደሩ የሁለቱም ነው። እንዴት ተደርጎ እንደሚሠራ እኔ አላውቅም፤ እርስዎን የፈለግነው ለዚሁ ነው።

ማን ሆኜ እንዲህ እንደማጣድፍዎት ለጠየቁት፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ። ቤታችን አደባባዩ ዳር ነው፤ ከላይም አይደል፣ ከታችም አይደል። ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። ትልቁ ለመንግሥት ጦር ተመዘገበ፤ ታናሹ ጫካ ገባ። ትልቁ የሞተ ጊዜ ላይ ሰፈር ለቅሶ መጣ፣ ታች ሰፈር ቀረ። ታናሹ የሞተ ጊዜ ታች ሰፈር መጣ፣ ላይ ሰፈር ቀረ። እማዬ ለቅሶ የመጡትን ከደጅ መለሰቻቸው። «ሁለቱም ከአንድ ሆድ ነው የወጡት፤ ልጆቼን በየተራ አላለቅስም» ብላ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም። ሐውልቱ ሲቆም ከሥሩ ተቀምጣ፣ ሁለቱም ሰፈር ባለበት፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን አልቅሳ መገላገል ነው የምትፈልገው። ሌላ ምንም አትጠይቅም። ልቧ ደክሟል። መሠረቱ አደባባዩ ላይ ከተሠራ ጀምሮ በመስኮት እያየችው «መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች፤ እንግዳ እንደምትጠብቅ ሰው።

የማጣድፍዎት ለዚህ ነው። ይፍረዱኝ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ልብስ ሰፊዋ


ኅዳር 2

ለወይዘሮ ጸሐፊ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት፤ ለእናትዎም እጅ እነሳለሁ።

ኮሚቴው በሌላ ወረቀት ዕድሜዬን መጠየቁ አላስቀየመኝም። ሥራውን ሳልጨርስ እንዳልሞት መስጋታችሁ ነው፤ ገብቶኛል። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የቀረጽኳቸው ሰዎች ሁሉ ሞተው ነው የመጡልኝ፤ አንድም ቀን ቀድሜያቸው አላውቅም ብለው ይንገሩልኝ።

ለምን ጊዜ እንደሚፈጅ ለማወቅ ስለፈለጉ ባጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ በብረት አጽሙን እሠራለሁ። አጽሙን ጭቃ አለብሰዋለሁ፤ ሰውየው የሚወለደው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ጀሶ እደፋበትና ቅርጹን አወጣለሁ፤ በመጨረሻ ነሐሱ ይፈስሳል። ችግሩ ጭቃው ነው። ጭቃ ስብሰባ አያውቅም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጧትና ማታ ውሃ ካላርከፈከፍኩበት ይደርቃል፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የምጠይቀውን ነገር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ደብዳቤ መልሱልኝ። ራሱ ላይ ምን አለ? እግሩ ላይ ምን አለ? ፊቱን ወዴት ነው የሚያዞረው?

አጽሙን ጨርሻለሁ። ዛሬ ጭቃውን እግሩ ላይ ጀምሬያለሁ። ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ ሰውየው መንገድ ጀምሯል፤ ገና ጉልበቱ ጋ ደርሷል።

ቀራፂው


ኅዳር 24

ጋሼ፣

እንዲህ ብዬ ብጠራዎት ይቅር ይበሉኝ። እማዬ ናት «ተከበሩ ተከበሩ የምትይውን ተዪ፤ ሰውየው ወግ የሚያውቅ ሰው ነው» ያለችኝ። ደብዳቤዎን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የማነብላት። የዕድሜዎ ነገር በጣም አሳቃት። እማዬ ከሳቀች ቆይታ ነበር።

እርስዎም አንቺ ይበሉኝ። ልጅዎ ብሆን ነው።

አሁን በአንድ ደብዳቤ መልሱልኝ ወዳሉት ልምጣ። ለቅሶም ሳቅም የሚያሰኝ ነገር ነው፤ እኔን ግን አንጀቴን ነው ያሳረረኝ። ስለ ኮፍያው ብቻ ሦስት ስብሰባ ተቀመጥን። የመንግሥት ጦር ባለ ግንባር ኮፍያ ያደርግ ነበር፤ ጫካ የገቡት ራሳቸውን በጨርቅ ያስሩ ነበር። አንዱን ብናደርግለት ሌላው ወገን አኩርፎ ይወጣል። እኔ «ባዶ ራሱን ይሁን» አልኩ። ባለወፍጮው ጠረጴዛውን መታው፤ ጠረጴዛው ድሮም አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ የሁሉም ሻይ ፈሰሰ።

«ኮፍያ የሌለው ወታደር ማለት የተማረከ ወታደር ነው! የማንን ልጅ ነው ምርኮኛ የምታደርጉት?»

ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ ከጥግ ሆና ቀስ ብላ «የኔ ልጅ ጉንፋን አይለቀውም ነበር፤ እባካችሁ ራሱን አትግለጡት» አለች። ምን ይባላል? ልጇ ከሞተ ስንት ዓመቱ። ማንም አልሳቀባትም።

ጫማውም ያው ነው። ቆዳ ቡትስ የመንግሥት ነው፣ የሸራ ጫማ የጫካ ነው። ባዶ እግሩን ይሁን እንዳንል የትኛዋ እናት ልጇን ባዶ እግሩን አደባባይ ታቆማለች? ሊቀመንበሩ ያቀረበውን ሐሳብ ሲሰሙ እንዳይወድቁ ግድግዳ ይያዙ፦ እስከ ጉልበቱ የነሐስ ሣር ይብቀልበት። አዎ፣ ሣር።

ፊቱን ወዴት ያዙር ለሚለው፣ ወደ ላይ ሰፈር ካዞረ ለታች ሰፈር ጀርባውን ሰጠ ማለት ነው፤ ወደ ታች ካዞረም እንዲሁ። ወደ ጎን ይዙር ቢባል በጎኑ ያለው የእኛ ቤት ነው፤ «ጸሐፊዋ ለራሷ ወሰደችው» ተባለ።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀጠሮ ሲሰጥ ስለኖረ ከተማው «ይደር» ነው የሚለው። ስም ያወጣለት ሰው አፉ ይባረክ። ሁሉንም ነገር «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር» አለና ወደ እኔ ዞሮ «ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። «እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ዶሮዋ ሞተችብኝኮ!» አልኩት። ቃለ ጉባኤ ላይ አልጻፍኩትም።

እንግዲህ ይኸው ነው መልሱ። መልስ የለም።

ልብስ ሰፊዋ


ታኅሣሥ 15

ልጄ፣

ይቅርታሽን ነው የምጠይቀው። ከዚህ በፊት የላክሁት ደብዳቤ በንዴት የተጻፈ ነው። ኮሚቴውን የእንቧይ ካብ ማለቴ አይጸጽተኝም፤ የሚጸጽተኝ አንቺ ቃል በቃል አዳራሹ ውስጥ ታነቢዋለሽ ብዬ አለማሰቤ ነው። ሊቀመንበሩ ያንን መስመር ድገሚልኝ ማለቱን ስትጽፊልኝ ግን ባለቤቴና እኔ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቶሎ ይወስናል።

ሣሩን አልሠራም። የቆሰለ፣ የወደቀ፣ የታመመ ወታደር ሠርቻለሁ፤ የበቀለ ወታደር ግን አልሠራም።

እስከ ደረቱ ደርሻለሁ። ከዚያ በላይ ልብሱን ሳላውቅ መሄድ አልችልም፤ የአንገትጌው አቆራረጥ የትከሻውን አቋም ይለውጠዋል፤ ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። ልብስ ሰፊ አይደለሽ? ለምን ራስሽ አትሰፊለትም? የመንግሥትም ያልሆነ፣ የጫካም ያልሆነ፣ የትኛውም ጦር ለብሶት የማያውቅ የወታደር ልብስ። በጎረቤቴ ልጅ ልክ ስፊው፤ ልኩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ እሱን አልብሼ አቆመውና እያየሁ እሠራለሁ። ኮሚቴው ሲጨቃጨቅ ቢያንስ በእጁ የያዘው ነገር ይኖራል።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ እናትሽ ምንም አላልሽም። እንዴት ናቸው? ጭቃውን ሳረጥብ አስባቸዋለሁ። ሰውየው ደረቱ ጋ ደርሷል በያቸው።

ቀራፂው


ጥር 6

ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? እማዬ ደህና ናት። ትንሽ ጉንፋን ነገር ነው።

ልብሱን በጥቅሉ ውስጥ ያገኙታል። ሰፋሁት አልልዎትም፤ ወለድኩት ነው የምለው። ጨርቁን ገበያ ሄጄ ስመርጥ ራሱ አረንጓዴው የነዚያ፣ ቡናማው የነዚህ እየሆነብኝ በመጨረሻ የአመድ መልክ ያለው ያዝኩ። ባለሱቁ «ለማን ነው?» ቢለኝ «ለማንም» አልኩት፤ አመመሽ እንዴ በሚል ዓይን አየኝ።

ከዚያ አዳራሽ ወሰድኩት። ኮሚቴው በመስቀያ ላይ አንጠልጥሎ ዙሪያውን እየዞረ መረመረው። ደረቱ ላይ ሁለት ኪስ ካለው የመንግሥት ነው ተባለ። አንዱን ፈታሁት። አንድ ኪስ የጫካ ነው ተባለ። እሱንም ፈታሁት። ኪስ የሌለው ሲሆን ዳቦ ጋጋሪዋ «ወታደር ኪስ ከሌለው ከቤት የተላከለትን ደብዳቤ የት ያደርጋል?» አለች። በመጨረሻ ከውስጥ በኩል ሰፋሁለት። አለ፤ አይታይም። አዝራሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር ተብሏል፤ እርስዎ ግን እንዳለ ይሥሩት፤ የአዝራር ጠብ አልችልም።

ስለ ፊቱ መልክ ደግሞ መልካም ዜና አለኝ። ፊቱ ማንንም አይምሰል ተብሎ ተወስኗል። በሙሉ ድምፅ! ኮሚቴው ከተቋቋመ አንድ ነገር ላይ ሲስማማ የመጀመሪያው ነው። «የማንም ልጅ ካልሆነ የሁሉም ልጅ ይሆናል» ብሎ ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበ። እኔም እውነቱን ልንገርዎት ደስ አለኝ፤ ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር አደራ። ደብዳቤዎችዎን ለእማዬ ስለማነብላት ስለ ሕመም ነገር ብዙም አይጻፉ። ስለ ጭቃው ይጻፉላት። ጭቃውን ትወደዋለች።

ልብስ ሰፊዋ


የካቲት 1

ልጄ፣

ይህንን ገጽ ለእናትሽ እንዳታነቢው። ሌላውን ገጽ ለእሳቸው ብዬ ለብቻው ጽፌያለሁ፤ ጭቃ ብቻ ነው ያለበት።

ልብሱ ደርሶኛል። ብዙ ሐውልት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ልብስ ግን አልብሼ አላውቅም። ስፌቱን ባለቤቴ እያገላበጠች ስታይ አመሸች።

አሁን ደግሞ የእናንተን ጉድ ልንገርሽ። በሙሉ ድምፅ የተወሰነው ውሳኔ ቀለሙ ሳይደርቅ ፎቶግራፍ ይጎርፍልኝ ጀመር። መጀመሪያ የሊቀመንበሩ መጣ፤ የልጁ ፎቶ ነው፤ ከኋላው «ለግንዛቤ ያህል ብቻ» ብሎ ጽፎበታል። ቀጥሎ የባለወፍጮው፤ እሱ ልጁ የተነሳው ፎቶ ስለሌለ የራሱን ነው የላከው፤ «ቁርጥ እኔን ነበር፤ ጢሙን ብቻ ያጥፉልኝ» ይላል። ዳቦ ጋጋሪዋ ጭራሽ አውቶብስ ተሳፍራ ራሷ መጣች። በር ላይ ቆማ፣ በፌስታል ዳቦ ይዛ። አፍንጫውን ብቻ አለችኝ። ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው፣ አፍንጫውን ብቻ የልጄን አድርግልኝ። ውስጥ ገብታ ጭቃውን ስታይ ጨርቁ ረጥቦ ነበርና «ልብሱን እርጥብ ለምን ታለብሰዋለህ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ከኮሚቴው አንድም የቀረ የለም። ሁሉም ለማንም እንዳልነግር አስምለውኛል። እነሆ ላንቺ ነገርኩሽ፤ መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ አንቺ ግን ዝም በይ። ካንቺ ቤት ብቻ ምንም አልመጣም፤ ይህም ገርሞኛል። የሁለቱንም ወንድሞችሽን ፎቶ ልካችሁ ቢሆን አልቆጣም ነበር።

ጭቃው ትናንት ከቀኝ ትከሻው ተሰነጠቀ። ጠግኜዋለሁ፤ የሚቀጥለውን ግን እንጃ። ከአንገቱ በታች አልቋል። ኮፍያ የለ፣ ፊት የለ፣ ሰውየው አንገቱን ቀና አድርጎ ጭንቅላቱን እየጠበቀ ነው።

ስለ እናትሽ ደግሜ ጠየቅሁሽ፤ በአንድ መስመር አለፍሽኝ። ጉንፋን ይህን ያህል አይቆይም ልጄ። እኔ እናት ቀብሬያለሁ፤ ይህን ዓይነት አጭር መልስ አውቀዋለሁ። ነገሩ የምፈራው ከሆነ ንገሪኝ። ፊቱን በገዛ እጄ፣ ማንንም ሳላስመስል፣ ባዶ ራሱን፣ ያንቺን ልብስ እንደለበሰ ልጨርሰውና ልስደደው። ከኮሚቴው አንድ መስመር ብቻ አምጪልኝ፦ «ይሠራ» የሚል።

ቀራፂው


የካቲት 12

ጋሼ፣

አዎ። የፈሩት ነው።

እማዬ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። አልጋዋን መስኮቱ ሥር አድርጌላታለሁ፤ የልብስ ስፌት መኪናዬን ወደ ጓዳ ወሰድኩ። ሐኪሙ መጥቶ አይቷት ሲወጣ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየም። ያልነገርኩዎት እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ስጽፍ ስለምታየኝ ነው። «ምን አልሽው?» ትለኛለች። «ደህና ናት አልኩ» እላታለሁ። ሌላ እንዴት ብዬ ልጻፍ?

አንድ መስመር አምጪ ባሉት መሠረት አስቸኳይ ስብሰባ ጠራሁ። ቆሜ ነገርኳቸው። ጭቃው እየተሰነጠቀ ነው፣ ሰውየው ያለ ጭንቅላት ቆሟል፣ ይሠራ በሉና ፈርሙ አልኩ። ሊቀመንበሩ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አለኝ። ጋሼ፣ እኔ በሕይወቴ ሽማግሌ ሰድቤ አላውቅም። ያን ቀን ግን አፌ አልታዘዘኝም። «ተረትዎን ይዘው ገደል ይግቡ!» አልኩት። «እናቴ እየሞተች ነው! ልጆቿን አልቅሳ ልትሞት እንጂ የእናንተን ኮፍያ ልትጠብቅ አይደለም! ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሁላችሁም ስትመጡ ከበሯ መልሳችኋለች፤ ለምን እንደመለሰቻችሁም ታውቃላችሁ!»

ባለወፍጮው እንባው ወረደ። ያ ጯሂ ሰውዬ በመዳፉ ዓይኑን ጠረገና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቷን ነው» አለ። አለቀ፣ ተስማሙ ብዬ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ግን ኮፍያውስ?»

ይደር ተባለ። በቃ፣ ይደር።

ፎቶ ያልላክነው ለምን እንደሆነ እማዬን ጠየቅኋት። ስለ ሌሎቹ አልነገርኳትም፤ እንዲያው ጠየቅኋት። «ወንድሞችሽ መቼ ይመሳሰሉ ነበር? የአንዱን ብልክ ሌላው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ «መልኩን ምን አደርገዋለሁ። ማልቀሻ ቦታ ነው የፈለግሁት» አለች።

እንግዲህ ከዚህ ጋር የላክሁልዎት ወረቀት ላይ «ይሠራ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማኅተም የለውም። የፈረምኩት እኔ ብቻ ነኝ። የሚመጣብኝ ይምጣ። ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ይፍጠኑልኝ።

ልብስ ሰፊዋ


መጋቢት 11

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሳቸውን ይማር።

መርዶውን ካንቺ አልሰማሁም፤ ይህም ያሳፍረኛል። ወረቀትሽ በደረሰኝ ማግስት ፊቱን ጀመርኩ። ቀንም ማታም ሠርቼ፣ ማንንም የማይመስል ፊት ሰጥቼው፣ ጀሶውን ባልዲ ውስጥ እያማሰልኩ ሳለሁ «ሥራው ይቁም» የሚል ቴሌግራም መጣ። ያው የለመዱት ይደር ነው ብዬ ቀድጄ ጣልሁት፤ ጀሶውንም ልደፋ ነበር። የሊቀመንበሩ ደብዳቤ ወዲያው ተከትሎ መጣ። ማኅተም ያለበት፣ ሁሉም የፈረሙበት። የእናትሽን ማረፍ ያነበብኩት «ሲሆን፣ በመሆኑም» በሚል ቋንቋ መሐል ነው። ባልዲው ውስጥ ያለው ጀሶ ከነማማሰያው ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

የሚፈልጉትን አንቺም ሳታውቂ አትቀሪም። ወታደሩ ቀርቶ የእናትሽ ሐውልት ይሁን ብለዋል። የተቀመጡ ሆነው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። በሙሉ ድምፅ። ያለ አንድ ተቃውሞ። ኮፍያ የለም፣ ጫማው በቀሚስ ይሸፈናል፣ ፊታቸው ወደ የትም ቢዞር የሁለቱም ሰፈር እናት ናቸው ይላል። ፎቶግራፋቸውን ጸሐፊዋ ትልካለች ይላል።

እንደ ቀራፂ ከጠየቅሽኝ ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን አንቺ ሳትጽፊልኝ እጄን ጭቃ ውስጥ አላስገባም። እንደ ደንበኛ አይደለም የምጠብቅሽ። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ፤ በሰዓቱ አልደረስኩምና ይገባኛል።

ቀራፂው


ሚያዝያ 3

ጋሼ፣

ዝም ስላልኩ ይቅርታ። እጄ መርፌም እስክሪብቶም አልይዝ ብሎኝ ነበር። እርስዎን የምሰድብበት ምክንያት የለኝም። ያልዘገዩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ለእሷ የጻፉትን የጭቃውን ገጽ፣ ደክሟት ስለነበር አቆይቼ፣ በመጨረሻ አነበብኩላት። ትከሻው መሰንጠቁን እንዳትሰማ ብዬ ዘልዬው ነበር፤ ግን አወቀችብኝ፤ «እዚህ ጋ ዘለልሽ» አለችኝ። ስነግራት «ጠገነው?» አለች። «ጠገነው» አልኳት። «ጎሽ» አለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ፊቷ ወደ መስኮቱ እንደሆነ፣ አረፈች። መሠረቱ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር።

ቀብሯን ልንገርዎት፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም። ላይ ሰፈርም መጣ፣ ታች ሰፈርም መጣ። የቀረ ሰው የለም። አስከሬኗን ማን ይሸከም የሚል ክርክር ይነሳል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ፣ ባለወፍጮውና ሊቀመንበሩ ከፊት ገብተው ትከሻ ለትከሻ ተሸከሟት። ሊቀመንበሩ ድንጋይ አደናቅፎት ሲንገዳገድ ባለወፍጮው በአንድ እጁ ደገፈው። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ዳቦ ጋጋሪዋ የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች። ከዚያ ሌላዋ የልጇን ስም ጠራች። ከዚያ ሁሉም። ባለወፍጮው፣ ሊቀመንበሩ፣ ሁሉም። ለመንግሥት የሞተ፣ ጫካ የሞተ ሳይባል፣ ሰው ሁሉ በእናቴ መቃብር ላይ የየራሱን ልጅ አለቀሰ። የወንድሞቼንም ስም የጠሩ ነበሩ፤ ሁለቱንም፣ አከታትለው። እማዬ ይህን ሁሉ ዘመን በሯን ዘግታ የጠበቀችው ለቅሶ ይኸው ነበር ጋሼ። እንዳለችው ሆነ። አንድ ሰው ብቻ ጎደለ፤ እሷ።

እኔ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር። እስከ ዛሬም ተናድጃለሁ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ኮፍያ አንመርጥም ያሉ ሰዎች አንድ ሬሳ ሥር እንዴት ተስማሙ? መስማማት የሚችሉ ከሆነ ምነው ሳምንት ቀደም ብለው ቢስማሙ?

ለቅሶው ሳይነሳ ነው ውሳኔያቸውን ይዘው የመጡት። ኮሚቴው በሙሉ እቤቴ ተቀምጦ፣ ሊቀመንበሩ የእማዬን ፎቶ ስጪን አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በሕይወት እያለች መቀመጫ የነፈጓትን ሴትዮ አሁን በነሐስ ሊያስቀምጧት። በፀሐይ በዝናብ፣ አላፊ አግዳሚው እያያት። ልጆቿን ሰው ፊት እንዳታለቅስ በሯን የዘጋች ሴት ናትኮ። «አልሰጥም» አልኩ። «አክብረናት እኮ ነው» አለ ባለወፍጮው፤ ቅር ብሎት። እንዳከበሯት አውቃለሁ። ክፉ አይደሉም፤ እርስዎ እንዳሉት ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ነው አፌ ላይ የመጣልኝን የተናገርኩት። «እናቴ እንድትታይ አልለመነችም፤ እንድትቀመጥ ነው የለመነችው። መሠረቱ ላይ መቀመጫ አድርጉበት፤ ከዚያ በላይ ምንም አታቁሙበት» አልኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ «ልጄ፣ ወታደሩስ? አፍንጫውስ?» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ሁሉም ስለምን እንደምትናገር ገባቸው፤ ሁሉም ለቀራፂው ፎቶ የላኩ ናቸውና። ከዚያ ባለወፍጮው መቀመጫው መደገፊያ ይኑረው አይኑረው ብሎ ጀመረ፤ መደገፊያ ካለው ጀርባው ወደ የትኛው ሰፈር ነው? ሊቀመንበሩም እንደ ልማዱ «እንግዲህ ይህ ለሚቀጥለው ስብሰባ...» ሲል ቃለ ጉባኤውን ከፊቱ ሳብኩና «ተወስኗል» ብዬ ጻፍኩበት። እስክሪብቶውን በየእጃቸው አስያዝኳቸው። ፈረሙ። ምናልባት ስላዘኑልኝ ነው። ምናልባትም ደክሟቸው ነው። ዋናው መፈረማቸው ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ወታደሩን መልሰው ጭቃ ያድርጉት። ይዘኑለት፤ ማንም ላይ ጥፋት የለበትም። የሁሉንም ፎቶ በየስማቸው በፖስታ ይመልሱላቸው፤ እንዳላወቅሁ ሆኜ አድላቸዋለሁ።

መቀመጫውን ከድንጋይ ይሥሩልን። ረጅም ይሁን፤ መደገፊያ አይኑረው። ሽማግሌ ጉልበቱን ሳያመው ቁጭ ብድግ የሚልበት ቁመት ይስጡት። ጽሑፍ አይጻፉበት፤ ሰው አይቅረጹበት። ሰው ከዚህ እናመጣለን።

ይኸውልዎት የኮሚቴው ወረቀት፤ ማኅተሙ ከታች አለ። ጊዜ ስጪኝ እንዳይሉኝ። እኔም ወንድሞቼን ገና አላለቀስኳቸውም።

ልብስ ሰፊዋ